የአያትህን ሰዓት «ሬሞንትዋር» የሚባል ፋብሪካ አልሠራውም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። አያቴ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጡረታቸው በምድር ባቡር ሠርተዋል። ዘንድሮ የድሮውን ቤት ዕቃ ስናወጣ የኪስ ሰዓታቸውን ከነሰንሰለቱ አገኘነው። ጀርባው ላይ ባቡር ተቀርጿል። ጠርዙ ወርቃማ ነው። ክዳኑ ሲከፈት በፈረንሳይኛ ‹ሬሞንትዋር፣ ሲሊንድር፣ 10 ሩቢ፣ ጋሎኔ› ይላል። 0,800 የሚል ቁጥር፣ ትንሽ ወፍ፣ ጨረቃና ዘውድም አለበት። ከሥር ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር አለ። ኢንተርኔት ላይ ሳስገባው በ1870ዎቹ የተሠራ የአሜሪካ ኤልጂን ነው አለኝ። አንድ ደላላ ደግሞ ጠርዙ ወርቅ ነው፣ ውስጡ ዐሥር ሩቢ አለ፣ ዘውዱም የቤተ መንግሥት ምልክት ነው እያለ ሊገዛኝ ይፈልጋል። ሰዓቱ አይሠራም፤ ወንድሜ ከልክ በላይ ሞልቶት ሳያበላሸው አልቀረም። ማን ነው የሠራው? ባቡር ድርጅቱ የሰጣቸው ይሆን? ልሽጠው?»

ከደላላው ልጀምር። ከነገረህ ሦስት ነገሮች ውስጥ እንደነገረህ የሆነ አንድም የለም። ኢንተርኔቱም ተሳስቷል። ወንድምህ ግን ምንም አላጠፋም። እሱን ቶሎ ብለህ ንገረው።

«ሬሞንትዋር» ስም አይደለም። «ሬሞንትዋር የሚባል የስዊስ ሰዓት አለኝ» እያለ የሚመጣ ሰው ቁጥር የለውም። ቃሉ ያለ ቁልፍ የሚሞላ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም። ድሮ የኪስ ሰዓት የሚሞላው በትንሽ ቁልፍ ነበር። ቁልፉን ከጀርባ ባለው ቀዳዳ ከትተህ ታዞራለህ። ቁልፉ ከጠፋ ሰዓትህ ቆመ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አድሪያን ፊሊፕ የሚባል ፈረንሳዊ ከላይ ባለው ጉጥ የሚሞላ ሰዓት ሠራ። ፓቴክ ፊሊፕ ከሚለው የሰዓት ፋብሪካ ስም ውስጥ ግማሹ የእሱ ነው። ዘዴው ርካሽ ሰዓቶች ጋ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀ። ሲደርስ ግን ሻጮች በደስታ ክዳኑ ላይ በትልቁ ጻፉት። መኪና ላይ «አውቶማቲክ» የሚል ጽሑፍ አይተህ «አውቶማቲክ የሚባል ፋብሪካ ነው የሠራው» ብትል እንደማለት ነው።

«ሲሊንድር»ም ስም አይደለም። የማሽኑን ዓይነት ነው የሚነግርህ። እንደውም ክዳኑ ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ሁሉ ውስጡ የተጠቀለለ ሞላ አለ። ሞላው ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ለቆ እንዳይጨርስ የሚይዝና የሚለቅ ክፍል ያስፈልጋል። ቲክ ቲክ የሚለው እሱ ነው። በሲሊንድር ሰዓት፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ፣ ባላንስ የምንለው ማለት ነው፣ መሐል ዘንጉ ጎኑ የተቆረጠ ቀጭን ቱቦ ነው። የመጨረሻው ጥርስ ጎማ ጥርሶች በዚያ ቱቦ ውስጥ እየገቡ እየወጡ ያልፋሉ። ዘዴው ቀላል ነው፣ ሰዓቱንም ቀጭን አድርጎ ለመሥራት ይመቻል። ችግሩ ጥርሱና ቱቦው ሁልጊዜ እንደተፋተጉ መሆናቸው ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ቱቦው ይበላል፤ የተበላ ቱቦ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

ሌላው ዓይነት «አንክር» ይባላል። በጥርስ ጎማውና በባላንሱ መካከል መልሕቅ የምትመስል ትንሽ ሹካ አለች። በባላንሱ ላይ ያለው ፍትጊያ በጣም ትንሽ ነው፤ ሰዓቱም ጊዜውን በደንብ ይጠብቃል። ክዳንህ ላይ «አንክር፣ 15 ሩቢ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ አሁን ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ሲሊንድር ጤነኛ ሆኖም በቀን ጥቂት ደቂቃ ቢስት አትናደድበት፤ ተፈጥሮው ነው።

ሩቢዎቹን በተመለከተ፦ አዎ፣ አሉ። ግን ጌጥ አይደሉም። የጎማዎቹ ቀጫጭን ዘንጎች ብረት ለብረት ተፋትገው እንዳያልቁ ጫፋቸው የሚቀመጥበት ጠንካራ ድንጋይ ነው። አንዱ የጤፍ ፍሬ ቢያክል ነው፤ መሐሉ ደግሞ የተበሳ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ቨርነይ የሚባል ፈረንሳዊ ሩቢን በእሳት ነበልባል የመሥራት ዘዴውን ይፋ ሲያደርግ፣ የሰዓት ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ ወደ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ዞሩ። የተፈጥሮም ይሁን ሰው ሠራሽ፣ ነቅለህ ብታወጣው የሚገዛህ የለም። አንድ ሰው የአባቱን ሰዓት ድንጋዮች በመርፌ ነቅሎ በብልቃጥ ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል። ድንጋዮቹ ዋጋ አላወጡም። ሰዓቱ ደግሞ ሞተ።

ወደ ወርቁ እንምጣ። መልሱ እዚያው ክዳኑ ላይ ተጽፎልሃል፤ «ጋሎኔ» ይላል። ቃሉ ከልብስ ስፌት የመጣ ነው፤ ጠርዙ በጥልፍ የተዋበ ማለት ነው። የሀበሻ ቀሚስን አስብ። ቀሚሱ ነጭ ነው፤ ጥበቡ ጫፍ ጫፉ ላይ ነው። ያንተም ሰዓት ቀፎው ብር ነው። ጠርዙና ጉጡ ብቻ ስስ ወርቅ ተቀብቷል። ወርቅ ቢሆን ኖሮ የራሱ ቁጥር ይኖረው ነበር፤ 18 ካራት ከሆነ 0,750፣ 14 ካራት ከሆነ 0,585። በዚያ ዘመን ስዊዞች ለመጀመሪያው የሴት ራስ፣ ለሁለተኛው ሽኮኮ ያትሙበት ነበር። ያንተው ላይ ያለችው ወፍ ናት።

ወፏ ቆቅ የምትመስል የአውሮፓ የዱር ዶሮ ናት። ስዊዘርላንድ ውስጥ በ0,800 ብር የሰዓት ቀፎ ላይ የምትታተም የመንግሥት ምልክት ነበረች። ሥራ ላይ የዋለችው ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ በ1934 በሌላ ምልክት ተተካች። 0,800 ማለት ከሺሕ እጅ ስምንት መቶው ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ጨረቃና ዘውዱ ደግሞ የጀርመን ነው። ጀርመን ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንጽሕናው 0,800 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ብር ይህን ምልክት ታስመታ ነበር፤ ለወርቅ ደግሞ ፀሐይና ዘውድ። ዘውዱ የጀርመን ግዛተ መንግሥት ዘውድ ነው። ከእኛ ቤተ መንግሥት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አሁን ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ አንብባቸው። ሰዓቱ የተሠራው ስዊዘርላንድ ነው፤ ሲሠራም ለጀርመን ገበያ ታስቦ ነው። ከ1888 በፊት ሊሆን አይችልም፣ ከ1934 በኋላም አይሆንም። ይህን ያወቅነው ማሽኑን እንኳ ሳናይ፣ ከሦስት የጥፍር ራስ ከማያህሉ ማህተሞች ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ «መጀመሪያ ማጉያ መነጽር ግዙ» የምለው።

ሌሎቻችሁም ሰዓታችሁን አውጥታችሁ እያያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ልጨምር። ወደ ጎን የሚራመድ አንበሳ ካያችሁ የእንግሊዝ 925 ብር ምልክት ነው። የይሁዳ አንበሳ አይደለም። ከጎኑ መልሕቅ ካለ የበርሚንግሃም ከተማ ምልክት ነው፤ ባለቤቱ መርከበኛ ነበር ማለት አይደለም። 84 የሚል ቁጥር የሩሲያ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 875 ብር ማለት ነው። «አርጀንታን» ወይም «አልፓካ» የሚል ካያችሁ ደግሞ እዘኑ። ስሙ ብር ብር ይሸታል፣ ውስጡ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው።

ስለ ስድስት አኃዙ ቁጥር። ያስገባህበት የኢንተርኔት ገጽ የተሠራው ለኤልጂን ሰዓቶች ነው። ኤልጂን፣ ዋልታም፣ ሃሚልተን የመሳሰሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች እያንዳንዱ ማሽን ላይ ተከታታይ ቁጥር ይጽፉ ነበር፤ ከቁጥሩ ዓመቱን ማግኘት ይቻላል። ግን ገጹ ሰዓትህን አያየውም። የቤትህን ቆጣሪ ቁጥር ብታስገባለትም ዓመት ይሰጥሃል። በዚያ ላይ አንተ ያስገባኸው የቀፎውን ቁጥር ነው። የቀፎ ቁጥር ክዳኑና አካሉ እንዳይለያዩ ቀፎ ሠሪው የሚጽፈው ነው። ኤልጂን በ1870ዎቹ ቢሠራው ኖሮ በ1888 የጀመረ የጀርመን ማህተም ምን ይሠራበታል? ሁለት መረጃ ሲጋጭ በብረት የተመታውን እመን።

የቁጥር ፍለጋ የሚሠራው የሠሪው ስም ሲታወቅ ብቻ ነው። ለምሳሌ ኦሜጋ ከሆነና የማሽኑ ቁጥር አምስት ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ ወደ 1916 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ሎንዢንም የድሮ መዝገቦቹን ጠብቆ የያዘ ድርጅት ነው፤ የማሽኑን ቁጥር ከፎቶ ጋር ከላክህለት ከመዝገብ ፈልጎ ይመልስልሃል። ያንተ ግን የእነዚህ አይደለም።

ታዲያ ማን ሠራው? ይህን ስል ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ፤ አንድ ሠሪ የለውም። በዚያን ዘመን የስዊዘርላንድ ሰዓት አሠራር እንደዛሬ ፋብሪካ አልነበረም። አንዱ የማሽኑን መሠረት ይሠራል። ሌላው ጎማውን ይቆርጣል። ሌላው ድንጋዩን ይበሳል። ሌላው ቀፎውን፣ ሌላው ገጹን ይሠራል። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ሁሉንም ሰብስቦ ያስገጥምና ስም ሳይጽፍበት ይልከዋል። የሚቀበለው ሱቅ ከፈለገ የራሱን ስም ያስጽፍበታል። እንዲህ ያለ ስም የለሽ ሰዓት በሚሊዮን ተሠርቷል። ያንተ ከእነሱ አንዱ ነው።

ይህ ማለት ግን ምንም አይገኝም ማለት አይደለም። የመሠረቱን ሠሪ አንዳንድ ጊዜ ማግኘት ይቻላል። ምልክቱ የሚደበቀው ከገጹ ሥር ወይም ከባላንሱ ሥር ነው፤ ኮከብ፣ ጋሻ ወይም ሁለት ፊደል ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ወይም ክዳኑ ላይ የስዊስ መስቀልና ከጎኑ ቁጥር ካለ ደግሞ የፈጠራ መብት ቁጥር ነው። የስዊስ የፈጠራ መብት ሕግ የወጣው በ1888 እ.ኤ.አ. ስለሆነ እሱም ዘመን ይናገራል። ገጹ ግርጌ ላይ በደቃቁ «ስዊስ ሜድ» የሚል ካለ፣ አሜሪካኖች በ1890 ባወጡት የቀረጥ ሕግ የተነሳ ከዚያ ወዲህ የተለመደ ጽሑፍ ነው። ሜዳሊያ የመሳሰሉ ክብ ሥዕሎች ዓመተ ምሕረት ይዘው ካየህ ግን አትሸወድ። የኤግዚቢሽን ሽልማት ዓመት ነው እንጂ ሰዓቱ የተሠራበት አይደለም፤ ሽልማቱም የዚህ ሰዓት ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር ተመልከትልኝ። ከጉጡ አጠገብ፣ ቀፎው ጎን ላይ፣ እንደ ክብሪት ራስ ያለች ትንሽ መጫኛ አለች? ካለች ሰዓቱ የሚስተካከለው እሷን በጥፍር ተጭነህ ጉጡን ስታዞር ነው። ይህ አሠራር ከ1800ዎቹ ማብቂያ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ ድረስ በብዛት የነበረ ነው። መጫኛዋ ካለች ሰዓትህን ከ1890 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ለማስቀመጥ አላመነታም። ታዲያ ጉጡን ወደ ላይ ለመሳብ አትታገል። እንደ እጅ ሰዓት የሚሳብ መስሏቸው ስንቱን ሰብረው አምጥተውልኛል።

አሁን ወደ ባቡሩ። አዳማ ላይ ይህ ጥያቄ ቢበዛ አይገርመኝም፤ ባቡር ያላሠራው ቤተሰብ ጥቂት ነው። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። አያትህ ሥራ የጀመሩት በ1938 ዓ.ም. ከሆነ፣ በፈረንጅ ከ1945 እስከ 46 መሆኑ ነው። መጫኛዋ ካለች፣ ሰዓቱ ያን ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው ማለት ነው። አንድ ድርጅት ለአዲስ ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ለጀርመን ገበያ የተሠራ፣ ደቂቃ የሚስት የሲሊንድር ሰዓት ይሰጣል? አይመስለኝም።

በዚያ ላይ የባቡር ሥዕል የባቡር ሰዓት አያደርግም። ባቡር በዚያን ጊዜ የፍጥነትና የሰዓት አክባሪነት ምልክት ነበር። ስለዚህ ሠሪዎች ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለገበሬውም የሚሸጥ ቀፎ ላይ ባቡር ይቀርጹ ነበር። «ሮስኮፍ» የሚባለውን ውሰድ። ጆርጅ ፍሬዴሪክ ሮስኮፍ በ1867 እ.ኤ.አ. ለተራው ሠራተኛ ብሎ በ20 ፍራንክ የሚሸጥ ወፍራምና ጠንካራ ሰዓት አወጣ። አስመሳዮቹ «ሲስተም ሮስኮፍ» እያሉ፣ ጀርባው ላይ ባቡር እየሳሉ ዓለምን ሞሉት። በደርግ ጊዜ ከሶቪየት የመጣውን «ሞልኒያ»ም እናውቀዋለን። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቼልያቢንስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ ይሠራ የነበረ ነው፤ 18 ድንጋይ ያለው፣ አንክር የሆነ፣ እስካሁን ከሚንቀሳቀሱት ሁሉ የማከብረው ማሽን ነው። እሱም ጀርባው ላይ ባቡር ያለበት አለ። ጽሑፉ ሩስኛ ስለሆነ ለመለየት አያስቸግርም።

እውነተኛ የባቡር ሰዓት የሚታወቀው በሥዕሉ ሳይሆን በማሽኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1891 እ.ኤ.አ. ኪፕተን በሚባል የኦሃዮ ጣቢያ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ። የአንዱ ሠራተኛ ሰዓት አራት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ ነበር ተባለ። ከዚያ በኋላ ዌብ ቦል የሚባል ሰዓት ነጋዴ የባቡር ሰዓቶችን እንዲቆጣጠር ተሾመና ደንቡ እየጠበቀ ሄደ። ክዳን የሌለው ገጽ፣ በግልጽ የሚነበብ ቁጥር፣ ቢያንስ 17 ድንጋይ፣ በአምስት አቀማመጥ ተፈትሾ የተስተካከለ፣ በሳምንት ከ30 ሰኮንድ በላይ የማይስት። ያንተ ሲሊንድር ይህን ፈተና በር ላይ ነው የሚወድቀው። የእኛ መስመር የፈረንሳይ ስለነበረ የአሜሪካኑ ደንብ አይመለከተውም፤ ንጽጽሩን ያመጣሁት መለኪያው ምን እንደሆነ እንድታይ ነው። ድርጅቱ የሰጠው ቢሆን የምጠብቀው የድርጅቱን ስም ወይም «ሲ.ኤፍ.ኢ.» የሚለውን አኅጽሮት ከንብረት ቁጥር ጋር ነው። ክዳኑን በማጉያ ደህና አድርገህ እይ። ከሌለ፣ አያትህ በገዛ ገንዘባቸው የገዙት ወይም ከሰው ያገኙት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ቆጣሪዎቹ ከፈረንጅ ሰዓት ጋር ስድስት ሰዓት ስለተለያዩ «ተበላሽቶ ነው» ወይም «ለኢትዮጵያ ተብሎ የተሠራ ነው» የሚሉ አሉ። ሁለቱም አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሲስተካከል ሰዓት ቆጣሪው ከፈረንጁ በትክክል ተቃራኒው ላይ ይውላል፤ ገጹን መለወጥ አያስፈልግም። በግዕዝ ቁጥር ወይም በንጉሡ ምስል ያጌጠ ገጽ ካመጡልህ ግን ተጠንቀቅ። እውነተኛ የሽልማት ሰዓቶች አሉ፤ ለቱሪስት ተብሎ በቅርቡ የታተመበትም አለ። ማሽኑ መቶ ዓመት ሞልቶት ገጹ ትናንት የታተመ ከመሰለ፣ ትናንት የታተመ ነው።

ስለ መሞላቱ። «ከልክ በላይ ሞልቶት ተበላሸ» የሚባል ነገር እኔ በሙያዬ ሁሉ አላየሁም። ሞላው መጨረሻው ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ የሚሞላውም ሰው ያቆማል። ሰዓቱ ሙሉ ሆኖ የማይሄደው ሌላ ነገር ስለያዘው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘይትና አቧራ ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቀዋለህ፤ ኮረብታው ላይ ያሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚያዞረው ንፋስ የሰዓት ክዳን አያቆመውም። እንደ ዱቄት የደቀቀው አቧራ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ሙጫ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ነቅንቆ ማስነሳት ቱቦውን በአሸዋ እንደመሞረድ ነው። ለጊዜው ቲክ ቲክ ሲል ደስ ይልሃል፤ እየበላኸው ነው።

ስለዚህ እስኪጸዳ ድረስ አትሙላው፣ አትነቅንቀው። የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አታድርግበት፤ የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይማ ወሬውንም አታንሳብኝ። ቀፎውን በብራሶ አትፈትገው። ወርቅ ቅቡ ስስ ነው፤ አንዴ በደንብ ካሸኸው «ጋሎኔ» የሚለው ቃል ብቻ ይቀርልሃል። የባቡሩም ቅርጽ ይሟሟል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ደላላው ጠርዙን በአሲድ ልፈትሸው ካለህ እንቢ በል፤ መልሱን አሁን ስለምታውቀው ጠባሳው ትርፉ ነው። ክዳኑን በቢላዋ አትክፈት። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታስገባበት ትንሽ ከንፈር አለ። እምቢ ካለ በቀጭን እንጨት ወይም በጊታር መምቻ ሞክር።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ለአንተ ሰዓት ላያስፈልግ ይችላል፣ ለሌሎች ግን ያስፈልጋል። ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ላይ ወፍራም፣ ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነ ቀለም ካለ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባ ራዲየም ሊሆን ይችላል። ከ1910ዎቹ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይቀቡት ነበር። ዛሬ ባያበራም ጨረሩ አለ፤ ራዲየም ግማሽ ለመሆን 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ተዘግቶ እስከተቀመጠ ብዙ አትጨነቅ። ከፍተህ መፋቅ፣ በአፍ እፍ ማለት፣ ልጆች እንዲጫወቱበት መስጠት ግን የለም።

ዋጋውን ጠይቀሃል። ስም የለሽ የሲሊንድር ሰዓት የትም አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ብዙ ስለተሠራ ብዙ ተርፏል። መነሻ ዋጋው የብሩ ክብደት ነው። ግን ሰዓቱን እንዳለ መዝነህ አታባዛ፤ ማሽኑ ናስና ብረት ነው፣ መስታወቱም ይመዝናል። ባዶው ቀፎ 30 ግራም ቢሆን ንጹሕ ብሩ 24 ግራም ነው። ሁለተኛውን፣ የውስጠኛውን ክዳንም ለብቻው እይ። 0,800 የሚለው እሱም ላይ ካልተመታ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፤ «ሜታል» ወይም «ኩዊቭር» ተብሎ ከተጻፈበት አለቀ፣ ብር አይደለም። ይህን በብር የግራም ዋጋ አባዛና ደላላው ካለህ ጋር አስተያየው። አቅልጦ ለመሸጥ ከሆነ የምታገኘው በጣም ትንሽ ነው።

የእኔ ምክር አንድ ነው፤ አትሽጠው። በዚህ ዋጋ መሸጥ ምንም አይጠቅምህም፤ ከተሸጠ በኋላ ደግሞ የአያትህ ሰዓት የሚባል ሌላ ዕቃ ገዝተህ አታመጣም። ሜካኒካል ሰዓት የሚያውቅ፣ ባትሪ ብቻ የማይቀይር ጠጋኝ ፈልግ። መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ «ቱቦው ደህና ነው?» ማሽኑን ሳይፈታ በማጉያ አይቶ፣ ባላንሱን በለስላሳ ነገር ነክቶ ሊነግርህ ይገባል። ቱቦው ደህና ከሆነ ማጽዳት፣ ዘይት መቀባትና መስታወት ማስገባት ተገቢ ወጪ ነው። ሞላው ተሰብሮ ከሆነም ይተካል። ቱቦው ከተሰበረ ወይም በጣም ከተበላ ግን ገንዘብህን አስቀምጥ፤ ከሌላ የሞተ ሰዓት ተገኝቶ ቢገጠምም ብዙ አይራመድም። የቆመ ሰዓት ሆኖ ይቀመጥ። «ማሽኑን አውጥቼ ባትሪ እከትልሃለሁ» የሚልህን በር ላይ አመስግነህ ሸኘው።

ከጸዳ በኋላ በወር አንድ ቀን ሞልተህ አስኪደው። ጠጋኙ ገጹን ሲያነሳ ፎቶ እንዲያነሳልህ ንገረው፤ ከሥሩ ያለውን ምልክት፣ የባላንሱን ሥርም ጭምር። የማሽኑንም ስፋት በገጹ በኩል በሚሊሜትር ይለካልህ። የስዊስ ሰዓት የሚለካው ሊኝ በሚባል የድሮ ልክ ነው፤ አንድ ሊኝ 2.256 ሚሊሜትር ነው። 43 ሚሊሜትር ገደማ ካገኘህ 19 ሊኝ ነው፤ 40.6 ከሆነ 18። መሠረቱን የሠራው ቤት ከተገኘ የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ በምልክቱና በስፋቱ ነው። ላክልኝ፣ አየዋለሁ።

ሰንሰለቱን ረስተኸዋል፤ ጥያቄህ ውስጥ አንዴ ብቻ ጠርተኸው አለፍክ። ደላላው ግን አልረሳውም ብዬ እገምታለሁ። የእንግሊዝ ብር ሰንሰለት ከሆነ እያንዳንዱ ቀለበት ላይ ያቺ የምትራመድ አንበሳ ትመታለች፤ የሌላ አገር ከሆነ መቆለፊያው ላይ ቁጥር ፈልግ። ደህና ክብደት ያለው የብር ሰንሰለት ከእንዲህ ያለ ሰዓት የበለጠ ዋጋ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ሰንሰለቱን ምርቃት አድርግልኝ» ብሎህ ከነበረ፣ ለምን እንዳለህ አሁን ገባህ።